ሪባን ያልተቆረጠለት ማጠፊያ

ከጅጅጋ ወደ ደገሃቡር በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ቀብሪበያ ሲገቡ ቀድሞ እጅ የሚነሳዎ ታፔላ ነው። የውሃ ታፔላ፣ የጤና ታፔላ፣ የትምህርት ታፔላ። አንዳንዱ አጠገብ የተሠራ ነገር ይታያል፤ አንዳንዱ ሥር ፍየል ተጠልላለች። ፍየሏ በሪፖርቱ ላይ «ቀጥተኛ ተጠቃሚ» ተብላ ብትመዘገብ እኔ በበኩሌ አልቃወምም፤ ጥላውን በትክክል እየተጠቀመችበት ነውና።

ዛሬ ልሟገትለት የተነሳሁት ግን የበር ማጠፊያ ነው። የመማሪያ ክፍል በር ማጠፊያ በዚህች አገር የበጀት አሠራር ውስጥ ወላጅ አልባ ፍጥረት ነው። የካፒታል በጀት «አንተ ታንሰኛለህ፣ እኔ የማውቀው ባለ 4 ክፍል ብሎክ ነው» ይለዋል። መደበኛው በጀት ደግሞ ወረዳው ጋ ሲደርስ አብዛኛው ደመወዝ ሆኖ ያልቃል፤ በተረፈው ቾክና ወረቀት ይገዛበታል። በ2001 ዓ.ም. በትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በኩል በተማሪ ራስ እየተሰላ መሰጠት የጀመረ የትምህርት ቤት ድጎማ አለ፤ ማጠፊያው ተስፋውን እዚያ ላይ ጥሏል። ርዕሰ መምህሩ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረትን ይሰበስባል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ አንድ ማጠፊያ እንዲገዛ ይወሰናል። ከዚያ ሦስት ፕሮፎርማ! ሦስቱን ለማሰባሰብ ጅጅጋ ደርሶ ለመመለስ የሚከፈለው ትራንስፖርት የማጠፊያውን ወንድሞች ሁሉ ይገዛ ነበር። ባለሱቁም «ደረሰኝ የለኝም» ይላል። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፋል።

እኛ ስናስተላልፍ የሜዳው ነፋስ አያስተላልፍም። በሩን ሲያወዛውዝ ይከርምና ይገነጥለዋል። በር በሌለው ክፍል አቧራው ቀድሞ ይገባል፤ ዴስኩ ተከትሎ ይወጣል። ቆርቆሮው ከምስማሩ ይላቀቃል፣ ልስኑ ይረግፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ቀን ሕንፃው «ሙሉ በሙሉ ከጥቅም ውጪ» ተብሎ ይጻፍለታል። እሰይ! አሁን ክብሩ መጣ። አሁን ለአዲስ ግንባታ ብቁ ሆነ፤ ጥናት ይጠናለታል፣ ጨረታ ይወጣለታል፣ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጥለታል፣ አዲስ ታፔላም ይተከልለታል። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን የፕሮጀክት ሰነድ አጻጻፍ ስላልሠለጠኑ ይመስለኛል። እኛ ሠልጥነናል፤ ውሎ አበልም ወስደንበታል።

ስለ ግንባታው ወቅትም ምስጋና ይገባል። በጀቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዕቅዱ ሲከለስ፣ ጨረታው ሲራዘም፣ ገንዘቡ ሲለቀቅ ግንቦት ይሆናል። ሰኔ 30 ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ካዝና ይመለሳል፤ ስለዚህ በሰኔ ሁሉም ሰው መሐንዲስ ነው። ኮንክሪት ደግሞ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ እየጠጣ መክረም አለበት። ቀብሪበያ ላይ ይህን ማለት ቀልድ ነው፤ ለከተማዋና እዚያው ላለው የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የሚሆነው ውሃ ከጀረር ሸለቆ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ ተጉዞ የሚመጣ ነው፤ ፓምፑ ሲታመም ተራው የቦቴና የአህያ ጋሪ ነው። ካረን የሚሉት ዝናብ ሐምሌ እስኪጋመስ አይቸኩልም። ተማሪዋ በጄሪካን ተሰልፋ የምትጠብቀውን ውሃ ለወለል አጠጡ ብሎ የሚያዝ ጨካኝ ፎርማን የለንም። ኮንክሪቱ ተጠምቶ ይደርቃል፣ ተጠምቶም ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ግን ከንቱ አይቀርም፤ «ምዕራፍ ሁለት» የሚባለው ፕሮጀክት የሚጀምረው ከእሱ ነው።

በዘላቂነት ረገድ ከመጠለያ ጣቢያው የምንማረው አለ። ከሶማሊያ ጦርነት ለሸሹ ሰዎች በ1983 ዓ.ም. ገደማ በጊዜያዊነት ተከፈተ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው፤ እዚያ የተወለዱ ልጆች ልጅ ወልደዋል። «ጊዜያዊ» የሚለውን ቃል ያህል በጥንካሬ የተገነባ ነገር በአካባቢው አላየሁም። የ2011ዱ የስደተኞች አዋጅ፣ ቁጥር 1110፣ የስደተኛው ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከዜጋው ልጅ እኩል ይስተናገድ ይላል። መስታወት የወለቀበትን መስኮት በእኩልነት ለማካፈል ዝግጁ ነን።

በአገር ደረጃም ቢሆን ዝም አላልንም። ትምህርት ሚኒስቴር ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ 4 ሲመዝን ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከሚፈለገው ደረጃ በታች ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» ተባለና ሕዝቡ በገንዘብ፣ በዓይነትና በጉልበት አዋጣ። ሕዝቡን አልነካውም፤ ጉልበቱንም ድንጋዩንም ሰጥቷል። የሚያስገርመኝ በየቦታው ቀድሞ የሚደርሰው ቀለም መሆኑ ነው። ጣሪያው ሳይመታ ግድግዳው ሰማያዊ ይሆናል። ልጆቹ ቀለም እስኪቆጥሩ ግድግዳው ቆጥሮ ተመረቀ፤ ፎቶ ላይም ያምርበታል።

መቼም ተቺ ብቻ እንዳልባል ሐሳብ ላቅርብ። ጥገና የተናቀው ሪባን ስለሌለው ከሆነ ሪባን እንስጠው። እያንዳንዱ ማጠፊያ የክብር እንግዳ ባለበት ይመረቅ፤ «ይህ ማጠፊያ በእነ እገሌ ድጋፍ ተገጠመ» የሚል ጽሑፍ በራሱ በማጠፊያው ላይ ይቀረጽ። አሸንዳው ተቀጥሎ የጣሪያው ዝናብ ሮቶ ውስጥ በገባ ቀን የመኪና ሰልፍ ከጅጅጋ ይምጣ። ለአንዲት ብሎን የግማሽ ቀን አውደ ጥናት አይበዛባትም። ወጪው ብዙ ነው የሚል ቢኖር ሕንፃው እስኪፈርስ መጠበቅ ስንት እንደሚያወጣ ያስላና ይምጣ።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። መቀሱን ይዛችሁ ስትመለሱ ሪባኑን ለዘበኛው ለአዴር ተዉለት። ማጠፊያው የወለቀ ዕለት በሩን የሚያስርበት ገመድ የለውም።