ፀሐይ ትውጣ፤ ከፎቶውም ትውጣ

በጉለሌ ማለዳ ስልኩን ወደ ፀሐይ የሚደግን ሰው ከጸሎተኛ አይለይም፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። እምነቱን አከብራለሁ፤ ፎቶውን ግን አላምንበትም። እንደኔ እንደኔ፣ ከጉለሌ የሚነሣ የንጋት ፎቶ የሚያምረው ፀሐይዋ ከፎቶው ስትወጣ ነው። የመጀመሪያው ምስክሬ ካርታ ነው። መሀል ከተማው ከሽሮ ሜዳም ከአዲሱ ገበያም በስተደቡብ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ በደቡብ ወጥታ አታውቅም። በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ 24 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ለማንም ብላ አትሄድም። ስለዚህ ፀሐይዋን መሀል ያደረገ ሰው ከተማዋን በቀኝ ትከሻው በኩል ጥሏታል፤ የተረፈው የየካ ተራራ ጥቁር ጀርባ ነው። ፀሐይዋም ብትሆን ከምድር ስትታይ ስፋቷ ግማሽ ዲግሪ ነው፤ የስልክ ሰፊ ሌንስ ግን ወደ 70 ዲግሪ ያያል። ከፎቶው ወርድ አንድ መቶኛውን እንኳ ለማትሞላ እንግዳ ሰማዩን በሙሉ መመደብ አባካኝነት ነው፤ ለእሷ ሲባል ካሜራው ብርሃኑን ሲቀንስ ደግሞ ቤቱም ዛፉም አብሮ ይጠቁራል።

ወደ ደቡብ ዞር ያለ ሰው ግን ብርሃኑ ከግራ ይመጣለታል። የሕንፃዎቹ አንዱ ጎን ወርቃማ ሲሆን ሌላው ጥላ ውስጥ ይቀራል፤ ሕንፃ ከሕንፃ የሚለየው ያኔ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ መስታወቱ በአንድ ወገን ብቻ ሲንቦገቦግ ቁመናው ይወጣል። ፀሐይ በሰዓት ወደ 15 ዲግሪ ስለምትወጣ መዘግየት አያዋጣም፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ወርቁ ነጥቶ ያልቃል። «ጥቁር ጥላም እኮ ውበት አለው» የሚል አይጠፋም። አለው፤ ግን ከኋላው ሰማይ ሲያገኝ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚሆነው ከእንጦጦ አፋፍ ለሚያይ ሰው የባንኩ ጫፍ ራሱ ከዓይን በታች ነው፤ በጣም ዝቅ ያለ ነገር ደግሞ ከአድማስ በላይ ብቅ አይልም። እዚያ ላይ ሰማዩን የፎቶው የላይኛ ሲሶ ሰጥቶ ሁለቱን እጅ ለከተማዋ መተው ነው የሚበጀው።

«ሽቦው፣ ሮቶው፣ ዲሹ ያበላሽብናል» የሚለው አቤቱታ ግን ከበድ ይላል። ሽቦ መሀል ለመሀል ካለፈ በርግጥ ያበላሻል፤ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ማለት ግን ክፍያ የለውም። ሮቶውና ዝገት የበላው ጣሪያ ከታች ጥግ ላይ ቢቀሩ እመርጣለሁ። ጤዛ ያረፈበት ቆርቆሮ የጎን ብርሃን ሲያገኘው እያንዳንዱ እጥፋቱ ለየብቻ ይቆጠራል፤ መስመሮቹም ዓይንን እየመሩ ቁልቁል ወደ ፎቆቹ ይወስዱታል። ጣሪያው ከተቆረጠ ግን ፎቶው ጉለሌ ይሁን ናይሮቢ በምን ይታወቃል?

«ፀሐይ ከሌለችበት ንጋት መሆኑን ማን ያምናል?» ለሚለኝ፣ ወደ ምዕራብ የተጋደሙት ረጃጅም ጥላዎች ይመስክሩ እላለሁ። እቴጌ ጣይቱም ከእንጦጦ ወደ ደቡብ ወርደው በ1879 ዓ.ም. ፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ወደ ፀሐይ መውጫ ሲያዩ ቢቀሩ ኖሮ ዛሬ ፎቶ የምትነሣ አዲስ አበባ ባልኖረች። ፀሐይዋ ያኔ የነበረችው ናት፤ ነገም ሳትቀየር ትመጣለች። ፒያሳ ግን በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከጀመረ ወዲህ የቀድሞ ፎቶዋን ቢያሳዩዋት ራሷን አታውቅም። ከሁለቱ ማንኛዋ ቶሎ ፎቶ መነሣት እንዳለባት ለመወሰን ካሜራ ማወቅ አያስፈልግም።