ስለ ኳስ አልጋ ወራሾች፤ አጭር ሐተታ

የሰው ልጅ ታላቁን ሰው ባጣ ቁጥር እርሱን የመሰለ ሌላ ይመጣል እያለ ደጅ ደጁን ማየቱ የቆየ ጠባዩ ስለ ሆነ፣ ነቢዩ ሳሙኤል ቅብዐቱን በቀንድ ሞልቶ ወደ እሴይ ቤት ወርዶ፣ ሰባቱን ልጆች አንድ በአንድ አሳልፎ፣ የመጨረሻውን ብላቴና ከበግ ጥበቃ ማስጠራቱን ያነበበ ሁሉ፣ በዘመናችን ላፕቶፕ ፊት ተቀምጦ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆችን ስም ዝርዝር ሌሊቱን ሙሉ የሚያገላብጠው ጎልማሳ ትምህርቱን ከማን እንደ ቀሰመ አይጠፋውም። ልዩነቱ፣ ሳሙኤል ሥራውን በአንድ ቀን ጨርሶ ወደ ቤቱ መመለሱ ብቻ ነው።

የዚህ ሐተታ ዓላማ፣ ሰውን የኳስ ክለብ አሰልጣኝ የሚያደርገውን ፉትቦል ማናጀር የተባለ ጌም የሚጫወት ሰው ጫማውን ለሰቀለ ጀግና ተተኪ የሚያፈላልግበትን ሥርዓት መመርመር ነው። ጌሙን ፖል እና ኦሊቨር ኮልየር የተባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች በ1992 እ.ኤ.አ. ቻምፒዮንሺፕ ማናጀር ብለው አወጡት፤ ከ2004 ወዲህ ግን በአሁኑ ስሙ ይጠራል። በዚህ ዓለም ተጫዋቹ ያረጃል፣ ይጎዳል፣ ያኮርፋል፣ በመጨረሻም ጫማውን ይሰቅላል፤ በየዓመቱም በተወሰነ ቀን ከታዳጊ ቡድኖች እናት ያልወለደቻቸው፣ ኮምፒውተር ስም፣ ፊትና ጸጉር የሰጣቸው ልጆች ይነሣሉ። የያንዳንዱ ልጅ ሙያና ጠባይ ከ1 እስከ 20 ይመዘናል፤ ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ከ200 የሚታሰብ የችሎታ ጣሪያ በስውር ተጽፎለታል፤ ከዚያ በታች ሊቀር ይችላል፣ ከዚያ በላይ ግን ቢጾምም ቢሰግድም አይወጣም። የጌሙ መረጃ ሰብሳቢዎች በሥጋ ስላለ አንዳንድ ታዳጊ ቁርጡን መናገር ሲፈሩ -10 ብለው ይጽፋሉ፤ ትርጓሜውም አዲስ ጨዋታ በተጀመረ ቁጥር ጣሪያው ከ170 እስከ 200 ባለው መካከል በዕጣ ይውጣለት ማለት ነው። ስለዚህ ያው አንድ ልጅ በጎረቤቴ ኮምፒውተር ንጉሥ፣ በእኔ ዘንድ ግን ደጃዝማች ሆኖ ይቀራል።

እኔ የተጫወትኩት የ2021ን ጌም ነውና በእኔ ዓለም መሲ ከባርሴሎና ከቶ አልወጣም፤ እስከ 38 ዓመቱ ድረስ አሰለፍኩት። አንድ ሌሊት ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ጫማ መስቀሉን የሚያበሥር ደብዳቤ ሲደርሰኝ ሳላስበው ድምፅ አውጥቼ ኖሮ፣ እናቴ ነጠላዋን እንደ ተከናነበች በሩ ላይ ቆማ፣ "ደግሞ ማን ሞተብህ?" አለችኝ።

"ማንም አልሞተ እማዬ። መሲ ኳስ አቆመ።"

"ልጅ የለውም?"

"ሦስት ወንዶች አሉት።"

"ታዲያ ይተኩታላ! ተኛ።"

እናቴ ሳታውቀው የመጀመሪያውን ክፍል ከፈተችልኝ። ተተኪዎች በአራት ይከፈላሉና።

የመጀመሪያው የሥጋ ወራሽ ነው። ጌሙም አልፎ አልፎ አንዱን አዲስ ልጅ የእገሌ ልጅ ነው ብሎ ያቀርባል። ሆኖም የሚላን ክለብ የፓኦሎ ማልዲኒን 3 ቁጥር ማልያ ከልጆቹ አንዱ ለዋናው ቡድን ካልተሰለፈ በቀር ማንም እንዳይለብሰው ብሎ ቢያኖረውም፣ ልጁ ዳንኤል በ2020 ተራው ሲደርስ እንደ አባቱና እንደ አያቱ እንደ ቼዛሬ ተከላካይ ሳይሆን ወደ ፊት የሚያጠቃ ሆኖ ሌላ ቁጥር ለበሰ፤ ማልያውም ከሣጥን ሳይወጣ ቀረ። የታላቁ ተጫዋች የዚዳን ልጅ ሉካ ደግሞ ግብ ጠባቂ ሆነ። ስለ ሥጋ ወራሽ ከዚህ በላይ የሚጨመር የለም።

ሁለተኛው የስም ወራሽ ነው። አርጀንቲና ከማራዶና በኋላ ኦርቴጋን፣ አይማርን፣ ሳቪዮላንና ዳሌሳንድሮን በየተራ "አዲሱ ማራዶና" እያለች አጥምቃለች። በ14 ዓመቱ የዲሲ ዩናይትድ ተጫዋች የሆነው ፍሬዲ አዱም "አዲሱ ፔሌ" ተብሎ በጌሙ ውስጥ ለዓመታት ስንቱን አሰልጣኝ ዋንጫ አሸክሟል፤ በሥጋው ዓለም ግን ከፖርቱጋል ወደ ፈረንሳይ፣ ከግሪክ ወደ ቱርክ፣ ከብራዚል ወደ ሰርቢያና ወደ ፊንላንድ እንደ ሐዋርያ ሲዞር ኖረ።

ሦስተኛው አዋልድ ሊባል የሚገባው ነው፤ ከቀኖና ውጭ ሆኖ ሳለ ምእመናን የሚወዱት። በ2001/02ቱ ቻምፒዮንሺፕ ማናጀር ግብ እንደ ዝናብ ያዘንብ የነበረው ፖርቱጋላዊው ቶ ማዴራ በገሃዱ ዓለም ያልነበረ ተጫዋች ነው። በዚያው ጌም የነገሠው የቤላሩሱ ማክሲም ጺጋልኮ ግን በእውነት ነበረ፤ ጉዳት ገና በወጣትነቱ ከሜዳ አስወጣው፣ በ2020ም በ37 ዓመቱ ዐረፈ። ያን ዕለት በዓለም ዙሪያ ፊቱን አይተው የማያውቁ ሰዎች አዝነውለታል፤ እኔም አንዱ ነበርኩ።

አራተኛው በውሰት የተረሳው ነው፤ ሊቃውንት ስለ እርሱ ዝም ማለታቸው ስለሚያስገርመኝ ነገሩን ከሥሩ አብራራለሁ። የዚህ ዓይነቱ ተተኪ ሕይወት በሦስት ዘመናት ይከፈላል፤ እነርሱም ዘመነ ፍቅር፣ ዘመነ ውሰትና ዘመነ ርስዓት ናቸው።

በዘመነ ፍቅር መልማይህ ከሩቅ አገር ደብዳቤ ይልካል። የእኔ ከሮሳሪዮ ላከ፤ መሲ በተወለደባት ከተማ፣ መሲ በልጅነቱ በተጫወተበት በኒዌልስ ኦልድ ቦይስ ቤት፣ አጭር፣ ግራ እግር፣ የ16 ዓመት ልጅ። ምልክት ከዚህ በላይ ከወዴት ይመጣል? ደብዳቤው "ወደፊት ድንቅ ተጫዋች ሊሆን ይችላል" ይል ነበር። ሊሆን ይችላል ማለቱ፣ አንድም ይሆናል ሲል ነው፤ አንድም ባይሆን እኔን አትጠይቁኝ ሲል ነው፤ አንድም የጉዞ አበሌን ጨምሩልኝ ሲል ነው። እኔ የመጀመሪያውን ትርጓሜ ያዝኩ። ኳስ ይዞ ማለፍ 16፣ የመጀመሪያ ንክኪ 15 መሆኑን አይቼ ቁርጠኝነት 7 መሆኑን እንዳላየ አለፍኩ፤ ቁርጠኝነትን እኔ አስተምረዋለሁ ብዬ፤ እኔ፣ በጠዋት መነሣት ያቃተኝ ሰው። የፊፋ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ከአገር አገር ማዛወር ስለማይፈቅድ ውሉን ፈርሜ ሁለት ዓመት ጠበቅኩት፤ የታጨች ልጅ እንደሚጠበቅ።

ዘመነ ውሰት የሚጀምረው ልጁ መጥቶ፣ ቋሚ አሰላለፍ ውስጥ ቦታ ጠፍቶ፣ "ጥቂት ተጫውቶ ይብሰል" በተባለ ዕለት ነው። ወደ ስፔን ሁለተኛ ዲቪዚዮን ላክሁት። በዚያ ያለው አሰልጣኝ የመሲን አልጋ ወራሽ ተቀብሎ ግራ ተከላካይ አድርጎ አሰለፈው። በሁለተኛው ዓመት ፈረንሳይ ሰደድኩት፤ በዚያ የተቀያሪ ወንበር አሞቀ።

ዘመነ ርስዓት ግን መነሻው አይታወቅም፤ መርሳትን የሚያስታውስ የለምና። በመካከሉ ሁለት የሊግ ዋንጫ አነሣሁ፣ ሌሎች አሥር "አዳዲስ መሲዎች" ገዛሁ። አንድ ቀን በውሰት የተሰጡትን ተጫዋቾች ዝርዝር ከፍቼ ሌላ ሰው ስፈልግ አንድ ስም ላይ ዓይኔ ቆመ፤ 23 ዓመት፣ በዓመቱ አራት ጨዋታ፣ ግብ የለም። ይህ ማነው ብዬ ፊቱን ከፈትኩ። ኮምፒውተሩ ጸጉሩን አሳድጎለታል። ከስሙ ሥር፣ አሰልጣኙ በዋናው ቡድን አሰልፍሃለሁ ብሎ የገባለትን ቃል እንዳልፈጸመና ስለ ወደፊት ዕጣው ሊነጋገር እንደሚፈልግ ተጽፎ ነበር። የቀረቡልኝን መልሶች አንድ በአንድ አነበብኳቸው፤ አንዱንም ለመምረጥ ስላፈርኩ መስኮቱን ዘጋሁት። ውሉ ሲያልቅ በነጻ ሄደ። የችሎታው ጣሪያ ስንት እንደ ነበር ማየት የሚቻልበት መንገድ አለ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ከዚህ ቀጥሎ ዘጠኝ ንኡሳን ክፍሎች ነበሩኝ፤ የጉልበት ሕመምተኛውን ከናፋቂው የሚለዩ። ትቼአቸዋለሁ። ምክንያቱም እኔ በሮሳሪዮ ምልክት ስፈልግ፣ በ2007 መሲ በሃያ ዓመቱ ለበጎ አድራጎት የቀን መቁጠሪያ ፎቶግራፍ ሲነሣ በመታጠቢያ ሳፋ ያጠበው የጥቂት ወራት ሕፃን ላሚን ያማል ሆኖ፣ በ2025 የባርሴሎናን 10 ቁጥር ለብሷል። ሊቃውንት ነገሩን ጥምቀት ነው ይሉታል፤ እናቴ ግን ፎቶግራፉን ሳሳያት "የሰው ልጅ እንዲህ ይያዛል?" ብላ ዘጋችው። እንዲህ ያለውን ተተኪ የትኛው ክፍል ውስጥ ይከቱታል?

የእኔው ልጅ በ33 ዓመቱ ጫማውን ሰቅሎ የመልማይነት ሥራ ፈልጎ አመለከተ፤ ሳልውል ሳላድር ቀጠርኩት። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ደብዳቤ ልኳል፤ 16 ዓመት፣ ግራ እግር፣ "ወደፊት ድንቅ ተጫዋች ሊሆን ይችላል" ይላል።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም በውሰት የሰጠኸው ልጅ አለህና፣ ዛሬ ላፕቶፕህን ሳትዘጋ ዝርዝሩን ከፍተህ እይ።