እባካችሁ አትንኩት

ስድስተኛው ዙር ላይ ነበርኩ። አራት ቀን የለፋሁበት ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ጥቁረቱ ጠልቆ፣ ልቤም ሊያርፍ ሲል፣ አንዱ መጣና «እንዴት ያምራል!» ብሎ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። በማግስቱ ከእርጥበት ሳጥኑ ሳወጣው ዙሪያውን ዝገት ለብሷል፤ ጣቱ ያረፈበት ቦታ ብቻ ባዶውን ቀርቷል። የጣቱ መስመሮች ሳይቀሩ ይቆጠራሉ። ለማስተካከል ብዙ ጣርኩ፤ ነቁጡ ግን አልጠፋም። ያን ሁሉ ድካም እስከ ነጩ ብረት ፍቄ ከ«ሀ» ጀመርኩ።

ይህ የእኔ ብቻ እሮሮ አይደለም። አፈሙዝ በዝገት የሚያጠቁር ሁሉ ያውቀዋል። ብረቱ ላይ አሲድነት ያለው ማዛጊያ በስሱ ይቀባል፤ እርጥብ ሳጥን ውስጥ ለሰዓታት ተሰቅሎ ቀይ ዝገት ያወጣል። ዝገቱ በሚፈላ ውሃ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ሲቀቀል ጥቁር ማግኔታይት ይሆናል። ከዚያ ላዩ ላይ የቀረው እንደ ጥላሸት ያለ ልቅ ብናኝ ተፈግፍጎ ይነሳል። ካርዲንግ የምንለው ይኼ ነው። አለቀ? አላለቀም። እንደገና መቀባት፣ ማዛግ፣ መቀቀል፣ መፈግፈግ፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ዙር።

አገር ቤት ያደጉ ወዳጆቼ «ሰው ከዝገት ይሸሻል፣ አንተ ታዝጋለህ? ለምን ቶሎ በሚያልቀው አትሠራውም?» ይሉኛል። ቶሎ የሚያልቀውማ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚፈላ ኮስቲክ ሶዳና ናይትሬት ጨው ውስጥ መንከር ነው። ሁለቱን አፈሙዞች ያጣበቀውን የእርሳስና የቆርቆሮ ብየዳ ግን ኮስቲኩ ይበላዋል። ስለዚህ መንገዱ ይኸው ረጅሙ ነው።

ከሁሉ የሚያደክመው መፈግፈጉ ነው። ጠንከር ካሉበት የአፈሙዙ የጫፉና የጠርዙ ቀለም ተላጦ ይነሳል፤ ከሳሱለት ደግሞ ብናኙ ይቀራል፣ የሚቀጥለው ቅብ እሱ ላይ ያርፍና መልኩ ይዥጎረጎራል። እጅ ልኩን እስኪያገኝ ዓመታት ይፈጃል። የምንፈገፍግበት የብረት ሱፍም የራሱ ጣጣ አለው። አራት ዜሮ የሚባለው፣ እንደ ፀጉር የቀጠነው፣ ገና ከሱቅ ሲመጣ እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቶ ነው። በአሴቶን ደጋግማችሁ ካላጠባችሁት የምትፈገፍጉ መስሏችሁ ዘይት ትቀባላችሁ፤ ዘይት ያገኘው ብረት ደግሞ ማዛጊያውን አይቀበልም።

ሽቦው ከሚሊሜትር አንድ አስረኛ እንኳ የማይሞላ ለስላሳ የካርዲንግ ተሽከርካሪ ብሩሽ አለኝ። ለአፈሙዝ ብቻ ነው ብዬ ለይቼ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጠዋለሁ። አንድ ቀን ስመለስ ግራሶ የጠጣ ብሎን ተጠርጎበት አገኘሁት። «ምን ሆነ? ብሩሽ አይደል?» ተባልኩ። ምን ይመለሳል?

ሰው ቢተወን ብረቱ ራሱ አይተወንም። ሁለቱን አፈሙዞች በሚያያይዘው ሰንበር ሥር ለብዙ ዓመታት የተኛ ዘይት ውሃው ሲፈላ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ውሃው ላይ ይንሳፈፍና አፈሙዙ ሲነሳ ይለብሰዋል። የቧንቧ ውሃ ከተጠቀምን ማዕድኑ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ዲስትልድ ውሃ በጋሎን ተሸክመን እናመጣለን። እኔ በምኖርበት በኮሎራዶ ደግሞ የክረምቱ አየር ደረቅ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ሳጥኑ ውስጥ ካልሰቀልኩ ዝገቱ አይመጣም። ከዚያ ስልኩ ይጮኻል፤ «አልደረሰም እንዴ?» ባለቤቱ ቀን ይቆጥራል፣ እኛ ዙር እንቆጥራለን።

ድካሙን አንጠላም። ጓንታችን ጠቁሮ፣ ብናኙ አፍንጫችን ገብቶ፣ ወገባችን ተቆርጦም ቢሆን አሥረኛው ዙር ላይ የሚወጣው ጥልቅ ጥቁር ያስደስተናል። የሚያንገበግበን በአንድ ዳበሳ የሚጠፋው ሳምንት ነው። ለማድነቅ ዓይን ይበቃል። የመጨረሻው ዙር አልፎ፣ አሲዱ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ተገድሎ፣ አፈሙዙ ዘይቱን ከጠጣ በኋላ የፈለገ ይዳብሰው። እስከዚያ ግን እጃችሁን ሰብስቡልን።