ሽኮኮና ተቀጽላ

የእህቴ ልጅ «ሁለት የማይመሳሰሉ ሕያዋንን አወዳድሩ» የሚል የቤት ሥራ ይዞ መጣ። እኔ ከአዲስ አበባ ወደ ሐይቅ ከተማ ለሦስት ቀን የመጣሁ እንግዳ፣ ስልኬን አውጥቼ ሊቅ ሆንኩ። ኩኦካ አልኩት፤ ድመት የምታህል፣ ልጇን በሆዷ ኪስ የምታሳድግ የአውስትራሊያ እንስሳ። ከእሷ ጋር ደግሞ ሄርፖዲስከስ፤ ኒውዚላንድ ባሕር ውስጥ በሌላ ትልቅ አልጌ ገላ ውስጥ ገብቶ የሚኖር ቡናማ አልጌ። እናቴ ቡናዋን እየቆላች፣ «እነዚህን ደግሞ ማን አያቸው? ሽኮኮና ተቀጽላ ደጅህ እያለልህ!» አለችኝ።

በነጋታው ከልጁ ጋር ሁለቱን ለማየት በሚኒባስ ወደ ውጫሌ አቀናን። (ልዩነት ፍለጋ ከሆነ ውጫሌ ራሷ ትበቃ ነበር፤ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ፣ አማርኛውና ጣሊያንኛው አልገጥም ብሎ ዐድዋ ድረስ ወስዶናል።)

ከአምባሰል ገደሎች ባንዱ ሥር ወረድን። ሽኮኮዎቹ አለቱ ላይ ተኮልኩለው የጠዋት ፀሐይ ይሞቃሉ። «አይጥ ይመስላል» አለ ልጁ። ደረቴን ነፋሁ፤ ዘመዱ አይጥ ሳይሆን ዝሆን ነው! የላይኛው የፊት ጥርሱ እንደ ዝሆን ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ ያቺ ጥንቸል የምታህል ሴቷም ሰባት ወር ገደማ ታረግዛለች።

ተቀጽላው ደግሞ ዘመድ መስሎ ባዳ ነው። ግራሩ ላይ ለምልሞ ሲታይ የዛፉ ቅርንጫፍ ነው ትላለህ። ወፍ ፍሬውን በልታ፣ አልላቀቅ ያላትን ሙጫማ ዘር ቅርንጫፍ ላይ ስትጠርገው እዚያው ይበቅላል፤ ሥሩን ሰድዶም የግራሩን ውሃ ይጠጣል። ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ ግን ምግቡን በፀሐይ ራሱ ይሠራል። ከእኔ ይሻላል፤ እኔ እህቴ ቤት ሰሃን እንኳ አላነሳሁም።

ናሙና ልቁረጥ ብዬ አለቱ ላይ ወጣሁ። ዘብ የቆመው ሽኮኮ ጩኸቱን ሲለቀው ሁሉም ስንጥቁ ውስጥ ገቡ። እኔም ደንግጬ ያገኘሁትን ጨበጥኩ፤ ያገኘሁት ተቀጽላውን ኖሯል። ከመጋጠሚያው ቀጭ አለና አብሮኝ ወረደ። የሱሪዬ ግማሽ ግራሩ እሾህ ላይ ቀረ።

ማታ እናቴ ከመዳፌ እሾህ በመርፌ እያወጣች «አብሽር» ትለኛለች፤ መልሳ ደግሞ ትስቃለች። ልጁ ጥግ ይዞ ይጽፋል። አንገቴን አስግጌ አየሁት፦

«ልዩነታቸው፦ ሽኮኮ ይሮጣል፣ ተቀጽላ አይሮጥም። አንድነታቸው፦ ሁለቱም አጎቴን ጥለውታል።»