ለክቡር አቶ አጥፍተው ያብሩት

ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሥራ ድርሻዎ ወሰን እንዲበጅለት ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኛ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምንኖር የኢንተርኔት ከፋዮች (ተጠቃሚዎች ለማለት አልደፈርንም) ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ ከታላቅ አክብሮት ጋር ነው። እርስዎን የማያውቅ ቤት የለም። ስልክ ደውለን፣ የማስጠበቂያውን ሙዚቃ እስክንጠግብ ሰምተን፣ በመጨረሻ የሚቀርቡልን እርስዎ ነዎት። ዋይፋዩ ቢንቀራፈፍ እርስዎ፤ ጨርሶ ቢጠፋ እርስዎ፤ ገመዱ ተበጥሶ ከምሰሶ ላይ ቢንጠለጠልም እርስዎ።

ውለታዎን አንክድም። ሞደም ለወራት ሳያርፍ ሠርቶ ሲፈዝ ከሶኬት ነቅሎ፣ ግማሽ ደቂቃ ታግሶ መልሶ መሰካት እውነተኛ መድኃኒት ነው። የተወሳሰበበትን ይረሳል፤ ከአገልግሎት ሰጪው ጣቢያ ጋርም እንደ አዲስ ይተዋወቃል። ኮምፒውተራችን በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ሲያሳይም ሞደሙ አድራሻ አልሰጠውም ማለት ነውና ጥፋቱ ያለው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው፤ ይግቡበት፣ መንገዱን እንለቅልዎታለን። ለነገሩ እኛ ሰፈር መብራቱ ራሱ እየሄደ እየመጣ ምክርዎን ሳንጠይቀው ይፈጽምልናል።

ቅሬታችን ስለ ቀይዋ ነው። በፋይበር ሞደም ፊት ላይ ኤል ኦ ኤስ የሚል ጽሑፍ ያለባት መብራት ቀይ ስትሆን፣ በመስታወቱ ክር በኩል ከውጭ መምጣት የነበረበት ብርሃን አልደረሰም ማለት ነው። ክሩ ተበጥሷል፣ ከልክ በላይ ታጥፏል፣ ወይም ጫፉ ቆሽሿል። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ቢበዛ ቀጭኗ ገመድ በደንብ መሰካቷንና የሶፋ እግር እንዳልተጫናት ያያል። ከዚያ ወዲያ ያለው ከአጥራችን ውጭ ነው። አብዛኛው የቤት ሞደም የሚደርሰው ብርሃን ከ−27 ዲቢኤም በታች ከወረደ ማንበብ ይሳነዋል። ታዲያ ያልመጣ ብርሃን አጥፍቶ በማብራት ከየት ይመጣል? እርስዎ ግን ስለ ቀይዋ ሳይጠይቁ ምክርዎን ይሰጣሉ። አጠፋን፣ አበራን። «አሁንስ?» አሁንም ቀይ ናት። «እንግዲያው ትንሽ አቆይተው ያብሩት።»

ከጣቢያው የሚወጣው አንድ ክር መንገድ ላይ ተከፋፍሎ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይዳረሳል። ከመከፋፈሉ በፊት ከተቆረጠ ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ቀይ ይሆናል። አሁን ይህን ያስቡልን፦ ጅማ መንገድ ዳር ኤስካቫተር ክሩን በጥርሱ ነክሶ አውጥቶታል፤ የሰበታ ሰፈር ደግሞ በምክርዎ መሠረት በየሳሎኑ አጎንብሶ ይነቅላል፣ ይሰካል። አንድ ባለሙያ እንኳ ወደ ጉድጓዱ አልተላከም፤ ጉድጓዱን ማን ጠይቆ!

ታናሽ ወንድምዎን አቶ ሪሴትንም ይምከሩልን። የእርስዎ ምክር ሲከሽፍ መርፌ ይዞ የሚመጣ እሱ ነው። በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ሲጫን ሞደሙ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል፤ የመግቢያ ስሙና የይለፍ ቃሉም አብረው ይጠፋሉ። ከዚያ በኋላ ክሩ ቢጠገንም ኢንተርኔቱ አይመለስም፤ ወረቀቱን ቴሌቪዥኑ ሥር ያስቀመጠ ጎበዝ ካልተገኘ በቀር።

በለስ ቀንቶን ባለሙያ ይላክ ከተባለ ደግሞ የአድራሻ ፈተና አለ። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከተሞቻችን ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልለው ክፍለ ከተማ ሆነዋል። እኛ «ቡራዩ፣ ከገፈርሳ ወረድ ብሎ» እንላለን፤ መዝጋቢዋ የቤት ቁጥር ትጠይቃለች። ባለሙያውም ይደውልና «የት ጋ ናችሁ?» ይላል። በሩ ላይ ቆመን እጃችንን እናውለበልባለን፤ እሱ ግን ሌላ ሰፈር ነው።

የሱሉልታው ትንሽ ያሳፍራል። በ1970ዎቹ ይህች ሀገር ከባሕር ማዶ ጋር በሳተላይት ትነጋገር የነበረው እዚያው በተተከለው የምድር ጣቢያ በኩል ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ሆና ሰማይ ያናገረች ከተማ ዛሬ ነዋሪዋ ኢሜይል ለመላክ ታክሲ ይዞ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።

ስለዚህ እንዲሰናበቱ አንጠይቅም። የምንጠይቀው ተራዎን እንዲጠብቁ ነው። ከእርስዎ በፊት «ቀይ የሆነችው የትኛዋ ናት?» እና «የጎረቤትዎስ ይሠራል?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ይቅደሙ። ኤል ኦ ኤስ ቀይ ከሆነች፣ ጎረቤትም ከጠፋበት፣ እርስዎ ቡናዎን ይጠጡ፤ መሰላልና የክር መቀጠያ የያዘ ሰው ይምጣ። የጠፋበት ቀን ከወርሃዊ ክፍያው ላይ ቢቀነስልን ደግሞ ክፉ አይደለም፤ ይህን ግን እርስዎን አጥፍቶ የሚያበራዎት አለቃ ካለ ለእሱ ያስተላልፉልን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአቶ ሪሴት፣ መርፌውን ይዞ ሳይነሳ
ለኤስካቫተሩ ሹፌር፣ ቀጣዩን ጉድጓድ ሳይጀምር