ነብር ለብሶ ማደር

በግ ተራ የቆመ ሰው እጁ የሚሄደው ሁለት ቦታ ነው፤ ወገቡ ላይና ላቱ ላይ። ወገቡን ጨበጥ፣ ላቱን መዘን፣ «ስንት ትላለህ?»፣ አለቀ። ጠጉሩስ? ጠጉሩን ማን አይቶት! እኔ ግን መንዝ ተወልጄ ያደግሁ አሮጊት ነኝና በግ ባየሁ ቁጥር እጄ ሳላዘው ጀርባው ውስጥ ይገባል። ጠጉሩን በሁለት ጣት ፈልቀቅ አድርጌ ሥሩን አያለሁ፣ ትንሽ ነጨት አድርጌም በጣቴ አፍተለትላለሁ። ባለፈው በዓል እንዲህ ሳደርግ ነጋዴው «እማማ፣ በጉን ይገዙታል ወይስ ቅማል ይፈልጉለታል?» አለኝ። አዳሜ ሳቀ። ይሳቅ!

ለማያውቅ ሰው በግ ሁሉ አንድ ነው። እንዝርት ለጨበጠ ግን አይደለም። የጎጃሙ ዋሸራ መልኩ ቀይ፣ ቁመናው ያማረ፣ ሥጋውም ጣፋጭ ነው፤ አልጠላውም። ጠጉሩ ግን አጭርና ልሙጥ ስለሆነ ልፈትልህ ቢሉት ያዳልጣል እንጂ እርስ በርሱ አይያያዝም። የወለጋው ሆሮም የከፋው ቦንጋም ያው ናቸው። የአፋሩንና የሶማሌውንማ አታንሱብኝ፤ በዚያ ሐሩር ባና ደርበው ምን ሊሆኑ! የመንዝ በግ ነው ከብርድ ጋር ተማክሮ የተፈጠረው። አጠር ያለ፣ ላቱ ጫፉ ላይ ወደ ላይ ቆልመም ያለ፣ ጠጉሩ ረጅምና ሻካራ። ሻካራ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ከሥሩ ደግሞ ለስላሳ፣ አጭር ጠጉር አለው። ረጅሙ ለክሩ ጉልበት ይሰጣል፣ አጭሩ ሙቀት ይይዛል።

ቤት ውስጥ የሚሰማኝ ስለጠፋ ሥራውን ለእናንተ ላስረዳ። የተሸለተውን ጠጉር መጀመሪያ ታራግፉታላችሁ፤ ከውስጡ የማይወጣ ነገር የለም፦ እሾህ፣ ጭድ፣ ፍግ፣ አንዳንዴም ሕይወት ያለው መዥገር። ከዚያ በጣት እየፈታችሁ ታባዝቱታላችሁ። እጃችሁ በጠጉሩ ቅባት ይወዛል፤ ዛሬ እየታሸገ ለእጅ ማለስለሻ በስንት ብር የሚሸጠው ይኸው ቅባት ነው፣ እኛ በነፃ ስንቀባው ኖረናል። ቀጥሎ እንዝርቱን ጭን ላይ አሹራችሁ ትለቁታላችሁ፤ ያኔ ሌላው እጃችሁ ባዘቶውን እየመጠነ ይሰጣል። ሙያው ያለው እዚያ እጅ ላይ ነው። ብዙ ከለቀቃችሁለት ክሩ ቦታ ቦታው ላይ ያብጣል፤ ከሰሰታችሁበት ይበጠሳል። ይጠንክር ብላችሁ ማሾሩን ካበዛችሁበት ደግሞ ክሩ በራሱ ላይ ተጠማዞ፣ የልጅ ልጆቼ ኪሳቸው ውስጥ እንደሚከቱት የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ይተበተባል።

ጥቁሩን ቀለም አንነክረውም፤ ለበርኖስ የሚሆነውን በጉ ራሱ አጥቁሮ ይሰጣል። ፀሐይ ያገኘው ጫፉ ብቻ ቡናማ ይላል፣ ባለሙያ ሴት እሱን ለብቻ ትለያለች። ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል፤ ባናውም ዝተቱም በርኖሱም የሚወጣው እንዲህ ነበር። ምስጋናው ለሸማኔው፣ የጭን መላላጡ ለእኛ!

ኋላ በጉን እናሻሽል ተባለ። በንጉሡ ዘመን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1967፣ ደብረ ብርሃን ላይ የበግ ማራቢያ ተቋቋመ። ኮሪዴል የሚሉት በግ መጣ፤ ኒውዚላንድ ውስጥ ሜሪኖንና ሊንከንን አዳቅለው ያወጡት ነው። አንዱ ብቻውን በዓመት ከአራት ኪሎ በላይ ጠጉር ይሰጣል። ልስላሴው፣ አልዋሽም፣ ግሩም ነው። ግን ለአንገት ልብስ ነው እንጂ ለባና አይሆንም፤ የመንዝ ውርጭ ልስላሴ አይገባውም። ከእስራኤል የመጣው አዋሲ ይሻላል፤ ፊቱ ቡናማ፣ ገላው ነጭ፣ ላታም፣ ጠጉሩም ለምንጣፍ የታወቀ። ገበሬው ግን የአዋሲን ድቅል የወደደው ለክሩ መሰላችሁ? ቶሎ አድጎ ስለሚከብድለት ነው። ተመልሰን ወገብና ላት!

የሚያስቀኝስ ዶርፐር ነው። ገላው ነጭ፣ ራሱ ጥቁር፤ ከደቡብ አፍሪካ «ምርጥ ዘር» ተብሎ መጣ። ዘሩን ብትቆጥሩ በአንድ ወገኑ ከሶማሌ ምድር የወጣው ጥቁር ራስ በግ ነው፤ ደቡብ አፍሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከእንግሊዙ ዶርሴት ጋር አዳቅለው ስም አወጡለት። ወጥቶ የቀረ ዘመዳችን ዜግነት ቀይሮ ሲመለስ እልል ተባለለት። ጠጉሩን ደግሞ ሸላች ሳያስቸግር ራሱ ያራግፋል። ዘመኑ የሚፈልገው በግ ይኸው ነው፤ ልብሱን ራሱ አውልቆ የሚጥል።

የእኔም ቤት ከዚህ አላመለጠም። እናቴ የፈተለችው አንድ ባና ነበረኝ። የልጄ ልጅ «ይሸታል» ብላ በሙቅ ውሃ፣ ዱቄት ሳሙናውን ሳትሰስት፣ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተተችው። የበግ ጠጉር በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው፤ ሙቀትና ሳሙና ሲያገኘው ቅርፊቱ ይከፈታል፣ ማሽኑ ሲያገላብጠው አንዱ በአንዱ ይሰካል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያላቅቀው የለም። ሁለት ሰው የሚያለብስ ባና ገብቶ ለሕፃን መጠቅለያ የማይበቃ ጨርቅ ወጣ። ልጅቱ አገላብጣ አየችውና «ሽታው ግን ለቋል» አለችኝ።

ለካሳ የነብር ሥዕል ያለበት ብርድ ልብስ ተገዛልኝ። ሌሊት ስገላበጥ ይንጣጣል፣ በጨለማው ብልጭ ብልጭ ይላል። ክሩ ከነዳጅ የሚሠራ ነው አሉ። በበግ መሞቅ እያለ ነዳጅ ለብሶ፣ ነብር ታቅፎ ማደርን ሥልጣኔ ያለው ማነው? የባሰው ደግሞ ያቺው ልጅ በስልኳ ፈረንጅ ሴቶች የሼትላንድ በግ ነው፣ የሜሪኖ ነው እያሉ ጠጉር ሲፈትሉ አሳየችኝ። «ለጭንቀት ጥሩ ነው ይላሉ» አለች። እኛ እኮ ስንፈትል ነው የምንጨነቀው!

በበዓል ማግስት አዲስ አበባን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ዱሮ ቆዳ ገዢ ሥጋው ሳይበለት በር ያንኳኳ ነበር፤ ዋጋው ከወደቀ ወዲህ ቆዳው መንገድ ዳር ይከመራል። ከዚያ ክምር መሀል የመንዝ ጠጉር ተንዠርግጎ ሳይ ሆዴ ይቃጠላል። ጎንበስ ስል ልጄ «እማዬ፣ ኧረ ሰው ያያል!» እያለች ክንዴን ትጎትታለች።

እንግዲህ ለመጪው በዓል በግ የምታርዱ ሁሉ፣ የመንዝ ከሆነ ቆዳውን ከመጣላችሁ በፊት ጠጉሩን ሸልታችሁ በማዳበሪያ ከረጢት ላኩልኝ፤ ጥቁሩን ከነጩ አትቀላቅሉብኝ። ዋሸራ ከሆነ ግን ጠጉሩን ተዉት፣ ከሥጋው ይበቃኛል።