ስሪዲው ላይ እኮ ያምር ነበር

ሰቆጣ ላይ ቤት ያሠራ፣ ሱቅ ያሳደሰ ወይም ካፌ ልክፈት ብሎ የተነሳ ሰው ሁሉ ስሪዲ የሚሉትን ሥዕል ያውቀዋል። የቤት ውስጥ ዲዛይን ስቱዲዮዎች በቴሌግራም ነው የሚልኩት። ወለሉ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ኮርኒሱ ሁለት ደረጃ ወርዶ በዳር በዳሩ ቢጫ መብራት ይፈስበታል፤ በመስኮቱ በኩል ደግሞ ባሕር ይታያል። ባሕር! እኛ ተከዜን ለማየት እንኳ ስንት ቁልቁለት ወርደን ነው። ይሁን ግድ የለም፣ ሥዕል ነው። ሰው አይቶ ይወዳል፤ ወዶ ቀብድ ይልካል።

ከዚያ በኋላ የዲዛይነሩ ስልክ አይነሳም። ሲነሳም «ዕቃው መንገድ ላይ ነው ጋሼ» ነው መልሱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቀብድ የተቀበለ ሰው ከውሉ ልውጣ ካለ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ደግ ሕግ ነው። ችግሩ የኛ ሰዎች ከውል አይወጡም። «ነገ ጠዋት እገባለሁ» የሚል ሰው ውል አፈረሰ ተብሎ በየትኛው ችሎት ይከሰሳል? ነገ ደግሞ ማለቂያ የላትም።

ዕቃው መንገድ ላይ መሆኑስ አንዳንዴ እውነት ነው። ሴራሚኩም፣ ቀለሙም፣ የጂብሰም ቦርዱም ከመርካቶ ተጭኖ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይመጣል። በኮረም ያለው መንገድ አልሆን ሲል በላሊበላ ይዞራል። ሲደርስ ካርቶኑ ደህና ነው፤ ውስጡ ግን ይንኮሻኮሻል። የተሰበረው የማን ዕዳ ነው? ሻጩ «ከመደብሬ ሲወጣ ሙሉ ነበር» ይላል፣ ሹፌሩ «እኔ የጫንኩት ካርቶን ነው» ይላል፣ ዲዛይነሩ ቀድሞም ስልክ አያነሳም። እንዲህ እያለ ዕዳው ቤቱን ለሚያሠራው ይተርፋል።

ዋጋውማ አይነሳ። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ለሁሉም ነገር አንድ መልስ ተገኝቷል፦ «ዶላር ጨምሯል።» ከውጭ ለሚገባው ሴራሚክ ይሁን እንበል። አሸዋው ከወንዛችን ወጥቶ፣ ድንጋዩ ከተራራችን ተፈልጦ፣ የቀን ሠራተኛውም የሰፈር ልጅ ሆኖ ስለ ዶላር ሲነገረን ግን ያናድዳል። አሸዋውም በዶላር ነው እንዴ ስንል ይኮረፍብናል።

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የድንጋዩ ነገር ነው። ይህ አገር የድንጋይ አገር ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ፤ ከአለት ተፈልፍሎ የወጣ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ የዋግ ሹሞች አስከሬንም እዚያው አርፏል። በከተማው ውስጥም አያቶቻችን በጭቃ እያያዙ የገነቧቸው የድንጋይ ግንቦች እስከ ዛሬ ቆመዋል። ድንጋይ ጠርቦ ማዕዘን የሚያስይዝ ግንበኛም ገና አልጠፋም። እንግዲህ ስቱዲዮው የሚያደርገውን ተመልከቱ። የተጠረበውን ግድግዳ በሲሚንቶ ያስለስናል፣ በልስኑ ላይ ጂብሰም ያስቀባል፣ በጂብሰሙ ላይ ደግሞ ድንጋይ የሚመስል ፕላስቲክ ይለጥፋል። ቀረብ ብላችሁ እዩት። አንዷ «ድንጋይ» ግራ ጥግዋ ላይ ስንጥቅ አለባት። ክንድ ያህል እልፍ ብሎ ያችው ድንጋይ ከነስንጥቋ ትደገማለች፤ እንደገና እልፍ ሲባል እንደገና። በጣት ቢመቷት እንደ ባዶ ካርቶን ትጮሃለች። ከኋላዋ መሮ ያረፈበት እውነተኛው ድንጋይ ተቀብሯል፤ ለዚህ ቀብር በካሬ ሜትር ተከፍሏል።

ወጥ ቤቱም እንደዚያው። «ክፍት ኪችን» ይሉታል፣ ከሳሎኑ ጋር አንድ ላይ ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ በርበሬው ዘይቱ ላይ ሲያርፍ እንግዳው ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ያስላል፤ መጋረጃው እስከ ሳምንት ይሸታል። ምጣዱ የት ይጣድ፣ የጠላው ጋን የት ይቀመጥ፣ ማኅበር ሲወጣ ሰው የት ይደርደር፣ ለቅሶ ቢደርስ ፍራሹ የት ይነጠፍ? ሳሎኑን ያ የኤል ቅርጽ ሶፋ ይዞታል፣ አይገፋ አይነሳ። ድሮ በግድግዳው ዙሪያ የሚሠራው መደብ ስንቱን ያስቀምጥ እንደነበር ትዝ ይለናል።

መታጠቢያ ቤቱን አንድ ዘመድ ቤት አይቼዋለሁ። በመስተዋት የታጠረ ሻወር፣ ጥቁር ቧንቧ፣ ወለሉ እስከ ጥግ ግራጫ ሴራሚክ። መስተዋቱን ገፋ ሲያደርጉት ውስጡ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፣ አንዱ አፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። ውኃ በተራ በሚመጣበት ከተማ ለጀሪካን የሚሆን ቦታ በሥዕሉ ላይ ያሰበ የለም፤ ሮቶ ማስቀመጫም አልተሠራም። መብራቱም ያው ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በጨለማ ለከረመች ከተማ ሌሊቱን ሁሉ በኮርኒስ ውስጥ በተደበቀ አምፖል የሚደምቅ ቤት ይነደፋል፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪ የሚንጠለጠልበት አንዲት ሚስማር አይተውም፤ ጂብሰሙ ላይ እንምታ ብንል ደግሞ ይፈርሳል።

ካፌዎቹስ? አንዱን ያየ ሁሉንም አይቷል። የፕላስቲክ ሣር በግድግዳ ላይ፣ በሣሩ ላይ በእንግሊዝኛ የሚበራ ጽሑፍ፣ ከሥሩ ወንበሩ ረጅም፣ ጠረጴዛው ጠባብ። ጋቢ የለበሱ አባት ዱላቸውን ይዘው ሲገቡ በዚያ ወንበር ላይ እንዴት ይወጣሉ? በረንዳው ላይ ቆመው ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። ባለቤቱን ስጠይቀው «ወጣቱ ፎቶ ይነሳበታል» አለኝ። ፎቶ የሚነሳው ሁሉ ማኪያቶ አይጠጣም፤ ይሄንን ደግሞ ራሱም ነገረኝ።

ዲዛይነሮቹን ብቻ አልወቅስም። አሜሪካ ያለው ወንድም ፎቶ ይልካል፣ ቤት የሚያሠራው ከጎረቤቱ እንዳያንስ ይፈልጋል፣ ልጁ ሣሩ ካልተለጠፈ ብሎ ያኮርፋል። ይህን ሁሉ ሰምቶ «ይሄ እዚህ አያስኬድም» የሚል ባለሙያ ሥራውን ለሌላ ያስነጥቃል። ገባኝ። ግን አንድ ቀን እንኳ መጥቶ፣ ፀሐይ በየት በኩል ትገባለች፣ ቤተሰቡ ስንት ነው፣ ውኃ በየስንት ቀኑ ይመጣል ብሎ ቢጠይቅ ምን ይጎዳዋል? ቤቱን የሚለካልን ሰው ቪዲዮ ላኩልኝ ይላል። በቪዲዮ የተለካ ቁም ሳጥን መጥቶ በሩ ግማሽ ድረስ ብቻ ይከፈታል፤ አልጋው ይጋርደዋል።

ሠራተኞቹ ደግሞ እርስ በርስ አይገናኙም። ጂብሰም ሠሪው ጨርሶ ሲወጣ ኤሌክትሪሺያኑ ገብቶ ይፈነቅላል፤ ቀለም ቀቢው ከነሶኬቱ ይቀባል። ሁሉም የፊተኛውን ይረግማል። አቧራውን የምትጠርገው የቤቱ እመቤት ናት።

የኛም መኝታ ቤት በር እጀታ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ገመድ አስረንበታል። የቀሪው ክፍያ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ግን ትናንት በጠዋት ገብቷል፣ ከሥሩም «ፈጠን ቢሉልን» የሚል አለበት።